ብቻህን ወደ ባንኮክ፤ ለቢቸናና ለሞጣ ልጆች የተዘጋጀ ሙሉ መመሪያ

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ አገራችን አንድ ትልቅ እውቀት ገብቶላታል። ሰው ራሱን ለማግኘት ብቻውን መጓዝ አለበት፤ ራሱ ደግሞ ያለው እስያ ነው። ቶኪዮም ይሁን ሲንጋፖር፣ ሆንግ ኮንግም ይሁን ባንኮክ፣ ሰማይ ጠቀስ ፎቅና የመንገድ ዳር ምግብ እስካለበት ድረስ ራስ እዚያ ቶሎ ይገኛል ተብሏል። ቢቸና ላይ ራሱን ያገኘ ሰው እስካሁን አልተሰማም። ሞጣም እንደዚያው። የማን ልጅ እንደሆንክ፣ አያትህ በድንበር ከማን ጋር እንደተካሰሱ፣ ማትሪክ ስንት እንዳመጣህ መንገድ ላይ ያገኘህ ሁሉ ሳትጠይቀው እየነገረህ፣ ለመጥፋት እንኳ ፋታ አታገኝም።

እውቀቱን የሚያካፍሉን መምህራን በየስልካችን አሉ፤ እግዜር ይስጣቸው። አንዷ የመዋኛ ገንዳ ከጀርባዋ አድርጋ «ፍርሃትህን ጣል፣ ሻንጣህን አንሣ» ትለናለች። ሌላው የባንኮክ ባጃጅ ላይ ተንፈላስሶ «ቪዛ ሰበብ ነው፤ ዋናው ውሳኔህ ነው» ይላል። የሆቴሉን አልጋ፣ የባቡሩን ካርድ፣ የማንጎውን ሩዝ፣ የሚታሹበትን ዘይት ሳይቀር ያሳዩናል። ሲያሳዩ ያላየሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የፓስፖርታቸው ሽፋን። የመምህሩ አያት አገር ቢቸና ያለችበት እነማይ ይሆናል፤ የፓስፖርቱ አገር ግን ካናዳ ወይም ስዊድን ነው። ሻንጣ ማንሣት ብቻ ይበቃል የሚለው ሰው እውነቱን ነው፤ ለእሱ ይበቃዋል።

ስለዚህ ይህ መመሪያ የተጻፈው እነሱ ለረሱት መንገደኛ ነው። ፓስፖርቱ የኢትዮጵያ፣ ደመወዙ የመንግሥት፣ እናቱም በሕይወት ያሉ የቢቸና ወይም የሞጣ ልጅ ያንብበው።

መጀመሪያ የሚያስፈልገው ምክንያት ነው። «ለመዝናናት ነው» የሚለው መልስ አዲስ አበባ ላይ ይሠራ ይሆናል፤ ከደጀን ወዲህ ግን አይሠራም። ለእናትህ «እማዬ፣ ባንኮክ ልሄድ ነው» ብትላት መጀመሪያ እጇን ግንባርህ ላይ ታደርጋለች። «ምንህን አሞህ ነው ልጄ? ለምን እስካሁን ደበቅከኝ?» ጥፋቷ አይደለም፤ ባንኮክ በእኛ ሰፈር የሚታወቀው በሆስፒታል ነው። ሰው የአገሩን ጠበል ሞክሮ፣ ባሕር ዳር ሞክሮ፣ አዲስ አበባ ሞክሮ፣ መሬት ሸጦ የሚሄድበት የመጨረሻው ቦታ ነው። አላመመኝም ስትላት «ልትነግድ ነው?» ትላለች። ነጋዴ ወደ ጓንዡና ወደ ዱባይ እንደሚመላለስ ሰምታለች። ካልታመምክና ካልነገድክ የሚቀረው አንድ ነው፤ ልትጠፋ ነው። አይ፣ አየር ልቀይር ነው ብትላት፣ የጮቄ ተራራ ንፋስ ቤቷ ድረስ የሚገባላት ሴት እንዴት አድርጋ ትረዳሃለች? ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ቡና ይፈላል፣ ንስሐ አባትህም ይጠራሉ። ብቻህን ልትወስነው የነበረው ጉዳይ ማታውኑ የቀበሌ ጉዳይ ይሆናል።

አንድ ነገር ግን በቅንነት መመስከር አለብኝ። ምሥራቅ ጎጃም ወደ ትልልቅ የእስያ ከተሞች ብቻውን በሚጓዝ ወጣት የሚታማ አገር አይደለም። ሪያድም እስያ ናት፤ ቤሩትም እስያ ናት። የገጠር ልጃገረዶች ቋንቋ ሳያውቁ፣ ማን እንደሚቀበላቸው ሳያውቁ፣ አውሮፕላን ከዚያ በፊት ሲያልፍ ብቻ አይተው ብቻቸውን ሲሄዱ ስንት ዘመን ሆናቸው። ድፍረት ከሆነ የሚፈለገው ይኸውላችሁ። ቆይታቸው ሁለት ሳምንት ሳይሆን ሁለትና ሦስት ዓመት ነው፤ ከከተማው የሚያውቁት ሁሉ የአንድ አፓርትመንት ወጥ ቤትና በረንዳ ሆኖ የሚመለሱ አሉ። ፓስፖርታቸውን ደግሞ እንዳይጠፋባቸው አሠሪዋ እመቤት ትቆልፍላቸዋለች። ምን ያደርጋል፣ ቪዲዮ ስለማይሠሩ የብቸኛ ጉዞ ሊቃውንት መዝገብ ውስጥ አልገቡም።

ወደ ገንዘቡ እንሂድ። መደበኛ ፓስፖርት 5,000 ብር ነው። ራስህን በሁለት ቀን ውስጥ ለማግኘት ከቸኮልክ 25,000። መምህራኑ «ባንኮክ ርካሽ ናት፣ በቀን 30 ዶላር ይበቃሃል» ይላሉ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከመለቀቁ በፊት ዶላሩ 57 ብር ገደማ ስለነበር ይህ ርካሽ ቀን 1,700 ብር ነበር። ዶላሩ 140ን ሲያልፍ ያው ቀን 4,200 ብር ገባ። ባንኮክ አልተወደደችም፤ አንተ ነህ የረከስከው። የወር ደመወዝህ ስንት ቀን ራስህን ለመፈለግ እንደሚበቃህ አንተው አስላው፤ እኔ በሰው ኪስ አልገባም።

የታይላንድ መንግሥት በበኩሉ ደግ ነው። የኢትዮጵያን ፓስፖርት እዚያው ሲደርሱ ቪዛ ከሚያገኙት ተርታ ለዓመታት አኑሮልናል። 15 ቀን ይሰጥሃል፣ 2,000 ባት ትከፍላለህ። ከዚያ የመመለሻ ትኬትህን፣ የምታርፍበትን ሆቴልና የቢጫ ወባ ክትባት ካርድህን ታሳያለህ፤ እጅህ ላይም 10,000 ባት መኖሩ ይታያል። ቢጫ ወባ ክትባት ስላለው ካርዱ ይበቃል፤ ድህነት ክትባት ስለሌለው ጥሬውን መቁጠር ግድ ሆኗል። ስዊድናዊው የእነማይ የልጅ ልጅ በጎንህ ሲያልፍ ግን ማንም ኪሱን አይጠይቀውም። እሱ ለመዝናናት እንደመጣ ከፊቱ ይታወቃል።

አሁን ደግሞ የትኛውም ቪዲዮ ላይ የሌለው ምዕራፍ፤ ከሞጣ ቦሌ። ከአዲስ አበባ ባንኮክ አውሮፕላኑ ዘጠኝ ሰዓት ያህል ይበራል። ከሞጣ ባሕር ዳር መንገዱ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በቢቸና በኩል ደጀን ወርደህ፣ ዓባይን ጃፓን ባሠራችልን ድልድይ ተሻግረህ በጎሃ ጽዮን ወጥተህ አዲስ አበባ መግባትም ትችላለህ። ትችላለህ ስል ካርታው ይፈቅዳል ማለቴ ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ መንገዱ መቼ እንደሚዘጋና መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ ባለ መኪና የለም። መምህራኑ «ከበረራህ ሦስት ሰዓት ቀድመህ ኤርፖርት ድረስ» ይላሉ። የሞጣው ልጅ ሦስት ሳምንት ቢቀድም ይሻለዋል። ኢንተርኔቱም ለወራት ጠፍቶ በነበረበት ጊዜ የሆቴል ግምገማ አንብቦ፣ ከአራት ሺህ ተጓዦች አስተያየት መርጦ፣ መስኮቱ ወንዝ የሚያሳይ ክፍል መያዝ እንዴት ያለ የመንፈስ ጥንካሬ እንደሚጠይቅ ገንዳው ዳር ያለችው እህታችን ብትነግረን ደስ ባለን። ባንኮክ ውስጥ ከሰማይ ባቡሩ ወደ መሬት ባቡሩ የት ጣቢያ ላይ እንደሚቀየር በቃሉ ያጠና ልጅ፣ ነገ ጠዋት ከመናኸሪያ መኪና ይውጣ አይውጣ አያውቅም።

ደግሞ ብቻን መጓዝን ዛሬ ያገኘነው ጥበብ አድርገው ሲሸጡልን ዝም ማለት ይከብዳል። የቆሎ ተማሪውን ማን ይርሳ? ልጁ ከቤቱ ሌሊት ተነሥቶ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ዱላውን ይዞ ይወጣል። አንዱ ወደ ሞጣ ጊዮርጊስ፣ አንዱ ሀዲስ ዓለማየሁ ወደ ተማሩባት ዲማ ጊዮርጊስ፣ አንዱ ለቅኔው ወደ ዋሸራ። የቀን ወጪው ዜሮ ነው። ያረፈበት ጎጆ አስተያየት አይሰጥበትም፤ አስተያየት የሚሰጡት ውሾች ናቸው፤ እነሱም ባቱ ላይ ነው። የሚገርመው ግን ሌላ ነው። ቤተሰቡ ፈልጎ እንዳይመልሰው ስሙን የሚለውጥ፣ አገሩን የሚደብቅ ብዙ ነበር። ብቻ መሆን እንዲህ ነው። የዛሬው ብቸኛ መንገደኛ ቁርሱን ሲበላ አንድ፣ አሳንሰር ሲገባ ሁለት፣ እንቅልፉ ሲመጣ ሦስት እያለ ያለበትን ለሕዝብ ያስታውቃል። አንድ ሽማግሌ «ብቻዬን» የሚል ጽሑፍ የተጻፈበትን ፎቶ ቢያሳዩዋቸው መነጽራቸውን አስተካክለው «ታዲያ ይሄንን ማን አነሣው?» ማለታቸው አይቀርም።

እስያን የመጎብኘት ነገር ከተነሣ አገራችን ትልቅ ታሪክ አላት። ንጉሠ ነገሥቱ በ1960 ዓ.ም. እስያን ሲዞሩ ደቡብ ኮሪያ ገብተው፣ ግንቦት 11 ቀን ቹንቾን ላይ ለኮሪያ ዘማቾቻችን የቆመውን ሐውልት መርቀዋል። ሞጣና ቢቸና በእርሻ ገቢ ላይ የመጣውን አዲስ ግብር አንከፍልም ብለው ያመጹትም በዚያው ዓመት ነው። ያኔ ሩቅ ምሥራቅን የሚያይ ሌላ ነበር፤ ወጪውን የሚጠየቅም ሌላ። ለባላገሩም አውሮፕላን አልቀረበትም፤ መጥቶለታል፤ መንገደኛ የሚጭን ግን አልነበረም፤ ቦምብ ነው የጣለው። ዛሬ ሥልጣኔ መጥቶ ሰው የራሱን ጉዞ ራሱ ይከፍላል።

ባንኮክ ደረስክ እንበል። መጀመሪያ የምትሄደው ታላቁ ቤተ መንግሥት ነው፤ ከ1782 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ጀምሮ የቆመ። መግቢያው 500 ባት ነው። ቪዲዮው ላይ እንዳየኸው ቁምጣ ለብሰህ ከመጣህ ዘበኛው ይመልስሃል፤ እግርህን ሸፍን፣ ትከሻህን ሸፍን። አጠገቡ ዋት ፖ የሚሉት ቤተ መቅደስ አለ፤ ጋደም ያለው ወርቃማ ቡድሃ 46 ሜትር ይረዝማል። ለመግባት ጫማህን ታወልቃለህ። የሞጣ ጊዮርጊስ ዘበኛ በነጻ ሲነግርህ ያደግኸውን፣ ሲነግርህም «ኋላ ቀር» ያልከውን፣ እዚህ ከፍለህ ስትሰማው ጥልቅ ይሆናል። ከዚያም «ባህላቸውን እንዴት እንደሚያከብሩ አያችሁ?» ብለህ ትለጥፋለህ።

ቀጥሎ ማሃናኮን የሚሉት ሕንጻ ነው። ከ300 ሜትር በላይ ነው፤ አናቱ ላይ መስታወት ወለል አለው። ከፍለህ መስታወቱ ላይ ትቆማለህ፣ ቁልቁል ታያለህ፣ ጉልበትህ ይከዳሃል፣ ፎቶ ትነሣለህ። ሰው ይህን ያህል ርቆ ፍርሃት ሊገዛ መሄዱን ስሰማ ሰባራ ድልድይ ትዝ አለኝ። ከሞጣ ወርዶ ዓባይ ላይ ያለው፣ በጎንደር ዘመን የተሠራው፣ በጣልያን ወረራ ጊዜ መሐሉ የተሰበረው ድልድይ። ለአሥርተ ዓመታት የሁለቱ ማዶ ሰዎች ወገባቸውን በገመድ አስረው፣ ወዲህና ወዲያ የቆሙ ጎበዞች እየጎተቷቸው፣ ከእግራቸው በታች ዓባይ እያገሣ ተሻግረውበታል። ገበያ ለመሄድ፣ ዘመድ ለመቅበር ነው እንጂ ማንም «ጀብዱ» ብሎ አልጠራውም። አሜሪካዊው ኬን ፍራንዝ በፈረንጆቹ 2001 የዚያን ገመድ ፎቶ አንድ መጽሔት ላይ አየ። ፎቶ አይቶ ምን አደረገ? መጥቶ ድልድዩን ጠገነ። ጥገናውን ከጥቂት ክረምት በኋላ ጎርፍ ቢወስደውም ተንጠልጣይ ድልድይ ተተካበት። እኛ ደግሞ የእስያን ድልድይ ፎቶ አይተን ተነሣን፤ ሄደን ፊቱ ፎቶ ለመነሣት።

ማታ ብቻህን ራት ትበላለህ። ይህ የጉዞው ቁንጮ ነው ይባላል፤ ከራስህ ጋር ማዕድ መቁረስ። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል የሚለውን የሰማህ እንደሆነ ረስተኸው ተቀመጥ። ጎንህ ማንም የለም፤ የሚያጎርስህም፣ የምታጎርሰውም፣ «ብላ እንጂ፣ ምነው?» የሚልህም። ነጻነት ይኸው ነው። ነጻነትህን ለማጣጣም ስልክህን ስትከፍት አሥራ ሰባት መልእክት ይጠብቅሃል። የአጎትህ ልጅ ጫማ ቁጥር 42፣ የአክስትህ የስኳር መድኃኒት ስም በፎቶ፣ የእድሩ ጸሐፊ «አንድ ሙሉ ካልሆነም ግማሽ ደርዘን» የሚለው ካናቴራ። ነገ ቅዳሜ ስለሆነ ከ15,000 በላይ ሱቅ ባለበት ቻቱቻክ ገበያ ራስህን ስትፈልግ ጫማ ቁጥር 42 ታገኛለህ። እናትህ ልትነግድ ነው ስትል ተሳስታ አልነበረም።

እስካሁን የሳቅሁት በሚሄደው ልጅ አልነበረም፤ መጓዝ ማንም ሊመኘው የሚገባ ነገር ነው፤ የሞጣ ልጅም እንደ ስቶክሆልም ልጅ ያለ ምክንያት ዞር ማለት መብቱ ነው። የሳቅሁት ይህን መብት ለሁሉ እኩል እንደተሰጠ አድርገው «ውሳኔህ ብቻ ነው» በሚሉት ነው። ልጁ ለመዝናናት ነው ሲል እናቱ አላመነችውም። ዶላር የጠየቀው ባንክም አላመነውም። የባንኮኩ ሱቫርናቡሚ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ፓስፖርቱን የያዘችው ሴትም ሦስቴ ፊቱንና ፎቶውን አመሳክራ አላመነችውም።

አንድ የሚያምነው ሰው ግን አለ፤ ደላላው። እንዲያውም ቃሉን የሚያስጠናው እሱ ነው። «ሲጠይቁህ ለመዝናናት በል፣ ብቻዬን ነኝ በል፣ አሥራ አምስት ቀን በል»። ባንኮክ ላይ የኮምፒውተር ሥራ አለ፣ እንግሊዝኛ ከቻልክ ይበቃል፣ ደመወዙ በዶላር ነው። ትኬቱን ይቆርጥልሃል፣ ሆቴሉን ይይዝልሃል፣ የምታሳየውን ገንዘብ ሳይቀር ያበድርሃል። መምህራኑ ያስተማሩትን የጉዞ ዕቅድ በሙሉ አንድም ሳያጎድል የሚፈጽም እሱ ነው። ከአውሮፕላን ማረፊያው መኪና ይቀበልሃል፤ ወደ ከተማው ግን አይወስድህም። ወደ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ሰሜን ምዕራብ ይነዳል፣ ሜ ሶት ይደርሳል፣ የሞዪን ወንዝ ያሻግርሃል፤ ማዶው ምያንማር፣ ምያዋዲ ነው። እዚያ በግንብ በታጠረ ግቢ ውስጥ በኢንተርኔት የሰው ገንዘብ እንድታታልል ትገደዳለህ። እምቢ ያሉት ተገርፈዋል፣ በኤሌክትሪክ ተነዝረዋል፤ ልቀቁን ያሉት ከቤተሰብ ገንዘብ አስመጡ ተብለዋል። የካቲት 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ከዚያ ወጥተው ወንዙን ወደ ታይላንድ ከተሻገሩት 260 ሰዎች መካከል 138ቱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ።

ስለዚህ እናትህ እጇን ግንባርህ ላይ ስታደርግ አትቆጣት። ትኬትህ በማን ገንዘብ እንደተቆረጠ፣ የት ሆቴል እንደምታርፍ፣ ስንት ቀን እንደምትቆይ በወረቀት ጽፈህ ተውላት፤ የፓስፖርትህንም ኮፒ። የራስህ ገንዘብ ካለህ ሂድ፣ ቡድሃውንም እይ፣ ማንጎውንም ብላ። ትኬቱን ሌላ ሰው ከቆረጠልህ ግን አትሂድ። ሄደህም ከሆነ፣ ባንኮክ ላይ የሚቀበልህ መኪና ከተማውን ለቆ ወደ ሜ ሶት ሲያመራ ካየህ፣ ነዳጅ ሊቀዳ ሲቆም ውረድና ሰው ወዳለበት ሩጥ።